አንድ ለሰማንያ ሰባት

ሙስ ጆ ከተማ ውስጥ ሌላ ሙስ ጆ አለች፣
ከቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሳንቃ ላይ የዋለች።
ውጭ ሠላሳ አንድ ከዜሮ በታች ነው፤
ሳንቃው ላይ ነሐሴ፣ ስንዴው የደረሰው።
በረዶ አራግፌ ደረጃውን ስወርድ፣
ኦረስት «ቆዪ» አለኝ፣ ሐዲድ ሲሞርድ።

ሥራዬ ካርታ ነው። ምጥጥን አውቃለሁ፤
አንድ ለሃምሳ ሺህ ስስል እውላለሁ።
በኔ ካርታ ላይ ግን ሰው የሚሉት የለ፣
መንደር ነጥብ ሆኖ ከመስመር ጋር ዋለ።
እሱ ግን ሲያሳንስ አይረሳም አንዲት፦
የበሩን እጀታ፣ የውሻውን ሰንሰለት።

«ይህቺን በር» አለኝ፣ ጥፍሩን እያስጠጋ፣
«ሰማንያ ሰባት ጊዜ ወደ ላይ ብትዘረጋ፣
እኔና አንቺ በሷ እናልፋለን ቀና።
ቁጥሩ ቃል ኪዳን ነው፤ አይዛነፍምና።»
ቁመቴን አሰላው፤ ሁለት ሴንቲ ሆንኩኝ፤
ኪሎሜትር መንገድ ባሥራ አምስት ርምጃ አለፍኩኝ።

ክብደት ግን ሌላ ነው። ቁመት አንዴ ሲያንስ፣
እሱ በሦስት በኩል ተባዝቶ ነው የሚያንስ፤
ያ መቶ ሃያ ቶን፣ ምድር ያንቀጠቀጠ፣
በስሌት ሲመዘን ብርቱካን አልበለጠ።
ውሃም አይታዘዝ፣ አያንስም ጠብታ፤
ከወንዙ ዳር ቢወድቅ ያህላል ኮረብታ፤
ስለዚህ ወንዙ ሙጫ ነው፣ ፈስሶ የደረቀ።
አቧራም እንዲሁ፣ ከጣሪያ ከወደቀ
ድንጋይ ነው፣ በብሩሽ ጧት ማታ የሚለቀም።
ሰዓቱም ስድስቴ ይሮጣል፣ አይደክም።
ካፖርቴን ሳልፈታ እዚያ መሸ፣ ነጋ።

ማርጆሪ ጥግ ይዛ በመቶ ስድሳ ትሠራለች፤
ሙሉ የባቡር መስመር ሻንጣ ውስጥ ታስገባለች።
የሷ ፉርጎ ከሱ ጋር በፍጹም አይቀጠል፤
ሃያ ዓመት ተከራክረው ማንም ማንን አልጣል።
ግን አንዲት ትንሽ ቤት ከሷ ተበደረ፣
ከኮረብታው ጀርባ ጥግ አስይዞ አኖረ፤
አሁን ያቺ ጎጆ ማይል ርቃ ትታያለች፤
እጄን ብሰድ ግን ጣቴ ሥር አለች።

ከእህል ጎተራው ሥር፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት
(እውነተኛው ጎተራ ከፈረሰ ስንት ክረምት!)
ፋኖስ የያዘ ሰው ቆሟል፣ ሰፊ ኮት ለብሶ።
ዓይኔ አላልፈው አለ፣ ተመለሰ ደርሶ።
ማስመሪያ መዘዝኩኝ፤ ልማድ አይለቅም፤
ሃያ ሦስት ሚሊ! ሌላው ከሃያ አያልፍም።
«ኦረስት፣ ተሳስተሃል። የእንግሊዞች ልክ ነው፣
አንድ ለሰባ ስድስት። በሩ ያንሰዋል፣ እየው።»

ሞረዱን አኖረ። «አውቃለሁ» አለና
መነጽሩን ጠረገ፣ ዝም አለ እንደገና።
«አባቴ ነው» አለኝ። «ፍሬን ያዥ ነበረ።
በልኩ ሠራሁት፣ በሃያ፤ አላማረ።
ሁለቴ ቀየርኩት፤ ሌላ ሰው ሆነብኝ።
ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከሥራ ሲመጣልኝ
በሩ ላይ ይቆማል፣
መብራቱ ይጋረዳል።»

«ቁጥሩ ቃል ኪዳን ነው ብለኸኝ የለም ወይ?»
«ነው። ግን ከየት ሆኜ እንዳየሁት አትጠይቂኝም ወይ?»

በርከክ አልኩ። አገጬን ከሐዲዱ አስጠጋሁ።
የአምስት አርባው ባቡር መጣ፤ ፊቱን አየሁ፦
ከፋኖሱ ኋላ ጨለማ ነው፣ ኮት ነው፤
ከዚያ በላይ ያለው ጣሪያው ነው ወይ እሱ ነው?

በማግስቱ ቢሮ ካርታዬን ዘርግቼ
አሰላሁት ያን ሰው፣ በኔ ልክ አስገብቼ፦
የፀጉር ግማሽ ነው። እርሳሴን ቀረጽኩት፤
አሁንም ወፈረ።
ደግሜ ቀረጽኩት።